ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም በችሎት ፊት
(ስለ ሕክምና ፈቃድና ስለ ልዩ አዋቂ ምስክርነት የቀረበ ጥናት)

1ኛ/ ነገሩ ከየት ይነሣል?

ከጎፋ የተነሣ አንድ ሰው እናስብ። ጎፋ ስንል በደቡብ አዲስ አበባ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ጎፋ ማለታችን ነው። ሰውየው የጭነት መኪና ረዳት ነው እንበል። ዕቃ ጭኖ ከአዲስ አበባ ይነሣና ወደ ሌላው ጎፋ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወደሚገኘው የጎፋ ዞን ይወርዳል። ከዞኑ ከተማ ከሳውላ አቅራቢያ መኪናው ይገለበጥና እግሩ ይሰበራል። እዚያው በቅርብ የተገኘ ሐኪም ደሙን አቁሞ፣ ራጅ አንሥቶ፣ አጥንቱን አስተካክሎና በጀሶ ጠቅልሎ፣ ጥቂት መስመር ወረቀት ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል። ከስድስት ወር በኋላ ረዳቱ በምርኩዝ እየሄደ የመኪናውን ባለቤት በአዲስ አበባ ይከሳል።

ነገሩ በሚሰማበት ቀን የተከሳሹ ጠበቃ ተነሥቶ እንዲህ ይላል እንበል፤ «ክቡር ፍርድ ቤት! ይህን ወረቀት የጻፈው ሐኪም የተመዘገበው በሌላ ክልል ነው። በዚህ ከተማ ለመሥራት ፈቃድ የለውም። ፈቃድ የሌለው ሰው ቃል እንዴት የሐኪም ማስረጃ ሊባል ይችላል?»

ክርክሩ ለጆሮ ይጥማል። ዳኛው ቢቀበሉት ግን የረዳቱ ነገር በዚያው ይቀራል። እግሩን በተሰበረበት ሰዓት ያየው ሐኪም ያ አንዱ ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ሐኪም ሊያይ የሚችለው የዳነውን ወይም ጠሞ የቀረውን አጥንት ነው። እንግዲህ ጥያቄው የጠበቆች የቃል ጨዋታ አይደለም፤ አንድ ድኻ ሰው ካሣ ያገኛል ወይስ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል የሚለው ነው። እኛም የሕግ ተማሪዎች ባንሆንም ነገሩን በአራት ክፍል ከፍለን ለማየት ሞክረናል፤ ምስክር ማን ነው? ፈቃድ ለምን ይሰጣል? ሕጋችን ምን ይላል? ሌሎች አገሮችስ ምን አደረጉ?

2ኛ/ ምስክርና ልዩ አዋቂ

ተራ ምስክር በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ይናገራል። «መኪናው ሲገለበጥ አይቻለሁ» ይላል እንጂ «የተገለበጠው ፍሬኑ ስላረጀ ይመስለኛል» ቢል ዳኛው ያቆሙታል፤ አስተያየት አልተጠየቀምና። ልዩ አዋቂ የሚባለው ግን የሚጠራው በተለይ አስተያየት እንዲሰጥ ነው። ዳኛው ሕግ ያውቃሉ፤ አጥንት እንዴት እንደሚሰበር፣ መርዝ በስንት ሰዓት እንደሚገድል፣ የአእምሮ ሕመም ሰውን ምን ያህል ከራሱ እንደሚያወጣ ግን የግድ አያውቁም። ስለዚህ በዚያ ሙያ የሠለጠነ ሰው ዕውቀቱን ለችሎቱ ያውሳል።

ሐኪም ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል፤ ብዙው ስሕተት የሚመጣው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው። የሳውላው ሐኪም «ታካሚው በመጣ ጊዜ የእግሩ አጥንት ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አግኝቻለሁ» ሲል ያየውን የሚናገር ምስክር ነው። ያችን ሌሊት ወዛደር ወይም ነርስ አይቶት ቢሆን ኖሮ ለምስክርነት የሚጠየቀው የሙያ ፈቃድ ሳይሆን እውነት መናገሩ ብቻ በሆነ ነበር። ሐኪሙ ቀጥሎ «ይህ ሰው ከእንግዲህ ከባድ ሸክም መሸከም አይችልም» ሲል ግን ካየው ነገር አልፎ የወደፊቱን ይተነብያል፤ እዚህ ላይ ልዩ አዋቂ ሆነ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በሽተኛውን ከቶ ያላየ፣ መዝገቡን ብቻ አንብቦ «ያከመው ሐኪም ሥራውን በደንቡ ሠርቷል» ወይም «አጥፍቷል» የሚል። በዓለም ላይ ብዙ ጠብ የተነሣው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

3ኛ/ ፈቃድ ለምን ይሰጣል?

የሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው በመጀመሪያ በሽተኛውን ለመጠበቅ ነው። የታመመ ሰው ሐኪሙን መርምሮ ለመምረጥ ጊዜም ዕውቀትም የለውም፤ ስለዚህ መንግሥት በእሱ ፈንታ ሐኪሙን ይመረምርለታል። ያልተማረ ሰው ሐኪም ነኝ ብሎ መርፌ እንዳይወጋና ቢላዋ እንዳያነሣ ሕጉ ያግዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 535 ያለ ትምህርትና ያለ ፈቃድ በሕክምና ሥራ ላይ የሚሰማራውን ይቀጣል። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ እርሱን ለማስፈጸም የወጣውም ደንብ ቁጥር 299/2006፣ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳይዝ በሙያው እንዳይሠራ ደንግገው ነበር። አገራችን በፌዴራል ሥርዓት የምትተዳደር ስለሆነች ፈቃድ በመስጠትና በማደስ ሥራ የማዕከሉም የየክልሉም የጤና መሥሪያ ቤቶች ድርሻ አላቸው። የጎፋው ጠበቃ ክርክር የተወለደው ከዚህ መከፋፈል ነው።

ነገር ግን እናስተውል። እነዚህ ሕጎች ሁሉ የሚናገሩት ስለ ማከም ነው። በምስክር ሳጥን ውስጥ የቆመ ሐኪም ማንንም አያክምም፤ መድኃኒት አያዝም፤ አይቀድም፤ አይሰፋም። የሚሰማው ዳኛው ነው፤ ዳኛው ደግሞ በሽተኛው አይደለም። ዳኛው እንደ ታማሚው የሐኪሙን ቃል በጭፍን አይቀበልም፤ ይጠይቃል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተን ያያል፤ ሌላ ሐኪም ጠርቶ ያመዛዝናል። ፈቃድ በሽተኛውን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ችሎቱን የሚጠብቀው መስቀለኛ ጥያቄ ነው።

ሆኖም ወሰኑ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ከሌላ አገር የመጣው አዋቂ ለምስክርነት ሲዘጋጅ ከሳሹን ራሱ አስተኝቶ ቢመረምረው፣ ደም ቢቀዳለት፣ መርፌ ቢወጋው፣ ያ ወደ ሕክምና ሥራ የተጠጋ ነው። እንዲህ ሲሆን በስፍራው ፈቃድ ያለው ሐኪም አብሮት ቢሠራ ይሻላል እንላለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሐኪም ምርመራ አልቀበልም ለማለት መብት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 22 ደግሞ ለሰውነት ከባድ አደጋ የሌለበትን ምርመራ እምቢ ያለ ሰው፣ በምርመራው ሊረጋገጥ የታሰበው ነገር እንደ ተረጋገጠ በዳኛው ሊቆጠርበት እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

4ኛ/ ሕጋችን ምን ይላል?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 መርማሪው ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የተከሰሰውን ሰው ሰውነት እንዲመረምርና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ሐኪምን ለማዘዝ ይችላል ይላል። የተበደለው ሰውም በፈቃዱ፣ ሕፃን ከሆነ በወላጁ ወይም በአሳዳሪው ፈቃድ፣ እንዲሁ ይመረመራል። ሕጉ እዚህ ላይ የሚጠራው ሐኪም የተመዘገበ ሐኪም ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሰው ገላ የሚነካ፣ ደም የሚቀዳ ነውና። ይህ ከላይ ካልነው ጋር ይስማማል፤ እጅ ሲዘረጋ ፈቃድ ይጠየቃል።

ስለ ችሎት ምስክርነት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልዩ አዋቂ በሚለው ስም የሚቀርብ ሐኪም የግድ ችሎቱ በተቀመጠበት ከተማ ወይም ክልል ፈቃድ ይኑረው ብለው የሥነ ሥርዓት ሕጎቻችን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ዳኛው እንዲያመዛዝን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። የተከሳሹ አእምሮ ጤና ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ ልዩ አዋቂ ያዛል፤ በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ይህ ምርመራ የሚላከው ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። አዋቂው ሪፖርቱን ካቀረበ በኋላ ዳኛውን የሚያስገድደው በሳይንስ በርግጥ የተረጋገጠው ግኝት ብቻ ነው። ከዚያ ግኝት በሕግ ምን ይከተላል የሚለውን አዋቂው ቢናገርም ዳኛው አይገደድበትም። ይኸውም «ይህ ሰው እንዲህ ያለ ሕመም አለበት» የሚለው የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ «ስለዚህ በኀላፊነት አይጠየቅም» የሚለው የዳኛው ነው።

ይህ ድንጋጌ በ1949 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተወረሰ ነው። በዚያን ዘመን በአገራችን ከነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የሕክምና ፋኩልቲ በዩኒቨርሲቲያችን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በ1868 እ.ኤ.አ. ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ ጦር መኰንን ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በላሆርና በኤድንበርግ ተምረው የተመረቁ ናቸው። እንግዲህ አገራችን የሐኪምን ቃል መስማት የጀመረችው ከሌላ አገር ወረቀት ይዘው ከመጡ ሰዎች አፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለሐሰተኛ አዋቂም ሕጉ ዝም አላለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 በሐሰት የመሰከረውን ብቻ ሳይሆን የሐሰት አስተያየት የሰጠውን አዋቂና የሐሰት ትርጉም የተረጐመውንም ይቀጣል። ይህ ቅጣት ፈቃዱ ከየት እንደ ተሰጠ አይጠይቅም።

5ኛ/ ከባሕር ማዶ የመጡ አዋቂዎች

በቅርብ ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ምሳሌ አለ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ሥራውም በደርግ ዘመን የተፈጸሙትን ግድያዎችና ግፎች መርምሮ ለፍርድ ማቅረብ ነበር። በየስፍራው የጅምላ መቃብሮች ነበሩ። ቤተሰብ ልጁን በዓጽሙ ለይቶ ለመቅበር፣ ዐቃቤ ሕግም የአሟሟቱን ሁኔታ ለማስረዳት ይፈልጋል። በአገር ውስጥ ግን ከመቃብር የወጣ ዓጽም አይቶ «ይህ የወንድ ነው፤ ዕድሜው ይህን ያህል ነው፤ እንዲህ ተገደለ» ብሎ የሚያስረዳ የሠለጠነ ሰው የለም ማለት ይቻል ነበር።

በዚያን ጊዜ የተጠሩት የአርጀንቲና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን አባሎች ናቸው። ይህ ቡድን በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በአርጀንቲና የወታደር መንግሥት ዘመን የጠፉትን ሰዎች ዓጽም ለመፈለግ ሲሆን፣ ያሠለጠናቸውም ክላይድ ስኖው የተባሉ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ናቸው። በ1993ና በ1994 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥተው ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር በመሆን በአዲስ አበባ በኮተቤና በሌላም ስፍራ መቃብር ከፍተው መርምረዋል። የደርግ ባለሥልጣኖች ችሎት በታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የጥፋተኛነት ፍርዱም በታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተሰጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ከእነዚህ አዋቂዎች ብዙዎቹ ሐኪሞች እንኳ አልነበሩም፤ የአንትሮፖሎጂና የአርኪዮሎጂ ሰዎች ነበሩ። «የኢትዮጵያ የሕክምና ፈቃድ ከሌላችሁ የቆፈራችሁትን አንቀበልም» ቢባል ኖሮ ማን ይጐዳ ነበር? የሚጐዳው ተከሳሹ አይደለም፤ እሱ በመስቀለኛ ጥያቄ መከራከር ይችላል። የሚጐዱት የሟቾቹ እናቶች ነበሩ። ዕውቀት በአገር ውስጥ በማይገኝበት ጊዜ የፈቃድን በር መዝጋት እውነትን ከደጅ ማስቀረት ነው።

6ኛ/ የአሜሪካ ክርክር

በዩናይትድ ስቴትስ የሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ቦርድ ነው። የኒው ዮርክ ሐኪም በፍሎሪዳ ለማከም የፍሎሪዳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሐኪሞች ላይ የሚቀርበው የስሕተት ክስ እየበዛ ሲሄድ፣ ከግዛት ወደ ግዛት እየተዘዋወሩ በገንዘብ የሚመሰክሩ ሐኪሞች ተነሡ የሚል አቤቱታ መጣ። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበርም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በችሎት የሚሰጥ የሐኪም አስተያየት ራሱ እንደ ሕክምና ሥራ ይቈጠር የሚል አቋም ያዘ። ይህ ማለት ምስክሩ ሐኪም ቢያጠፋ የሐኪሞች ቦርድ ሊቀጣው ይችላል ማለት ነው።

የፍሎሪዳ ግዛት በ2011 እ.ኤ.አ. መካከለኛ መንገድ መረጠ። በሐኪም ስሕተት ክስ ለመመስከር ከሌላ ግዛት የሚመጣ ሐኪም ሙሉ ፈቃድ እንዲያወጣ አልጠየቀችም፤ ነገር ግን 50 ዶላር ከፍሎ ለ2 ዓመት የሚያገለግል የልዩ አዋቂ ምስክርነት የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ደነገገች። ወረቀቱ ለማከም አያስችልም፤ ለመመስከር ብቻ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ወረቀቱን የያዘ ሐኪም አሳሳች ቃል ቢሰጥ የግዛቲቱ ቦርድ ሊቀጣው መቻሉ ነው።

የዚህ ደጋፊዎች «የአገሩን ሐኪም የሚወቅስ እንግዳ በአገሩ ሕግ ይጠየቅ» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ግን «በአንድ ከተማ ያሉ ሐኪሞች የሚተዋወቁ፣ በሽተኛ የሚላላኩ፣ አብረው የተማሩ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይመሰክርም፤ ስለዚህ የተጐዳው በሽተኛ ምስክር የሚያገኘው ከሩቅ ነው፤ በሩን ብታጠብቡት ክሱ ይሞታል» ይላሉ። የሰሜን ካሮላይና ነገር ይህን ፍርሃት ያሳያል። የዚያ ግዛት ቦርድ ነዋሪነቱ በሌላ ግዛት የሆነ አንድ የነርቭ ቀዶ ሐኪምን በሰጠው ምስክርነት ምክንያት በ2002 እ.ኤ.አ. የሰሜን ካሮላይና ፈቃዱን ነጠቀው፤ የግዛቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2006 እ.ኤ.አ. በሐኪሙ ላይ የተወሰደውን ቅጣት ሻረ።

7ኛ/ የእንግሊዝ ትምህርት

ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ እውነት ይናገራል ብለን እንዳንታለል የእንግሊዝ አገሩን ታሪክ እንጨምር። ሳሊ ክላርክ የተባለች ጠበቃ ሁለት ሕፃናት ልጆቿ ተከታትለው በድንገት ሞቱባት፤ ገድላቸዋለች ተብላ በ1999 እ.ኤ.አ. ተፈረደባት። ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አንዱ ሰር ሮይ ሜዶ ነበሩ፤ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም፣ የተመዘገቡ፣ የተሾሙ። እሳቸውም በእንዲህ ያለ ቤተሰብ የአንድ ሕፃን ድንገተኛ ሞት ዕድል ከ8,543 አንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን ይህ ቊጥር በራሱ ይባዛል፤ ከ73 ሚሊዮን አንድ ይሆናል ብለው መሰከሩ።

ስሕተቱ የት ነው? ቊጥርን በራሱ ማባዛት የሚቻለው ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ሲሆኑ ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች ግን በደምም፣ በቤትም፣ በአኗኗርም የተገናኙ ናቸው፤ አንዱን የገደለ ድብቅ ሕመም ሌላውንም ሊገድል ይችላል። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 እ.ኤ.አ. ይህን ስሕተት በይፋ ተቃወመ። ሴትየዋ በ2003 እ.ኤ.አ. በይግባኝ ተፈታች፤ ዋናው ምክንያት ሌላ ሐኪም የአንዱን ሕፃን የላቦራቶሪ ውጤት ሳይገልጽ መቅረቱ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ግን ሞተች። የሐኪሞች ምክር ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. ሜዶን ከመዝገብ ሰረዛቸው፤ ፍርድ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. ስረዛውን ሻረ። ሆኖም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት አንድ ትልቅ ነጥብ አጸና፤ አዋቂ ምስክር በችሎት ስለ ተናገረ ብቻ ከሙያ ማኅበሩ ተጠያቂነት አያመልጥም።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሜዶ ስሕተት የፈቃድ ጉድለት አልነበረም፤ ከሙያቸው ወሰን መውጣት ነበር። ስለ ሕፃናት በሽታ የሚያውቁ ሰው ስለ ቊጥር መሰከሩ። ሁለተኛ፣ ዳኞቹ በትልቅ ስም ፊት ልባቸው ቀለጠ። ስለዚህ ችሎት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ፈቃድህ ከየት ነው?» የሚለው ሳይሆን «የምትናገረው ነገር ከሙያህ ውስጥ ነው ወይ? እንዴትስ አወቅኸው?» የሚለው ነው።

8ኛ/ የእኛ ችግር የት ላይ ነው?

በእኛ አገር እንግዳ ሐኪም መብዛቱ አያስቸግረንም፤ የሚያስቸግረን ሐኪም በችሎት አለመገኘቱ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ችሎት የሚመጣው ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረቡበትን ምስክሮች ለመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ ነገር ግን «ቁስሉ በስለት የደረሰ ነው» የሚል አንድ መስመር ጽፎ የሄደውን ሐኪም ተከሳሹ በምን ይጠይቀዋል?

ወረቀቱም ራሱ ችግር አለበት። ሐኪሙ የተማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የፌዴራሉ ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ነው። በመካከሉ የሚተረጕመው ሰው ሐኪም ስላልሆነ «ስንጥቅ»ና «ስብራት» ሊምታታበት ይችላል። አንዱ ቃል ለአንዱ ሰው የዓመታት እስራት፣ ለሌላው ካሣ ማጣት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዛወራል፤ ወይም ለትምህርት ባሕር ማዶ ይሄዳል። መጥሪያው አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም በሽተኞቹን ትቶ ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጓዝ ይከብደዋል። የአስከሬን ምርመራም ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ላይ ተከማችቶ የቆየ ሥራ ስለነበረ፣ የሩቅ አገር ሰው የሟቹን አስከሬን ጭኖ መምጣት ግድ ሲሆንበት ኖሯል።

በሐኪሞች ስሕተት ላይ የሚነሣው ክስ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ በሳይንስ የታወቀውን መሠረት ወይም የሙያውን ሥርዓት በቸልተኝነት ከጣሰ ይጠየቃል ይላል። ግን የሙያውን ሥርዓት ለዳኛው የሚነግረው ማን ነው? ሌላ ሐኪም ነው። በአንድ ልዩ ሙያ የሠለጠኑት በአገሪቱ ጥቂት ሲሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንዱ የሌላው መምህር የነበረ ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ «ወንድሜ አጥፍቷል» ብሎ ለመናገር ብርቱ ሕሊና ይጠይቃል። ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያዎችን የሥነ ምግባር ጉድለት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ ይህ መልካም ነው፤ ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ሐኪምን የሚመዝነው ሐኪም ነው። የሚያደላ ሰው ባይኖር እንኳ፣ የተጐዳው ቤተሰብ ፍርዱን አምኖ እንዲቀበል ከሩቅ የመጣ አዋቂ ማስፈለጉ አይቀርም።

9ኛ/ መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጎፋውን ጠበቃ ክርክር እንመልሰው። ክርክሩ ሦስት ነገሮችን ቀላቅሏል። የማከምን ፈቃድ ከመመስከር መብት ጋር፣ ያየ ምስክርን ከአስተያየት ሰጪ ጋር፣ የቃሉን ተቀባይነት ከቃሉ ክብደት ጋር። የሳውላው ሐኪም ረዳቱን ባከመበት ስፍራ ፈቃድ ነበረው፤ አሁን በአዲስ አበባ የሚጠየቀው ማከም ሳይሆን ያየውን መናገር ነው። ስለዚህ ይሰማ። ቃሉ ቢደክም ዳኛው ያመዛዝኑት።

ለወደፊቱ የሚከተለው ቢደረግ መልካም ነው ብለን እናምናለን።

ሀ/ ያከመ ሐኪም የየትም ክልል ፈቃድ ቢኖረው ያየውን እንዲመሰክር ያለ ክርክር ይፈቀድለት።

ለ/ በአስተያየት ሰጪነት የሚቀርበው ደግሞ በአንድ በታወቀ አገር ወይም ክልል የጸና ፈቃድ እንዳለው፣ በዚያው ልዩ ሙያ እንደሚሠራ፣ ስንት እንደ ተከፈለው በችሎት ፊት ይናገር። ገንዘብ መቀበሉ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ግን ነውር ነው።

ሐ/ ከሩቅ ያለ ሐኪም ሥራውን ሳይፈታ እንዲመሰክር በቪዲዮ የሚሰማበት መንገድ ይስፋ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶቻችን ከክልል ከተሞች ጋር በቴሌቪዥን መስኮት መነጋገር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ይህ ለሐኪም ምስክር በይበልጥ ይጠቅማል።

መ/ ለችሎት የሚጻፍ የሐኪም ወረቀት ባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ፤ ግኝቱና አስተያየቱም ለየብቻው ተለይቶ ይስፈር። የቋንቋ ተማሪዎች ከሕክምናና ከሕግ ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው የጋራ የቃላት መዝገብ ቢያዘጋጁ፣ ይህ የእኛም የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ድርሻ ነው።

የጎፋው ረዳት እንግዲህ ምርኩዙን ተደግፎ በችሎቱ በር ቆሟል። የሚጠይቀው ምሕረት አይደለም፤ እግሩን ያየው ሰው ይሰማልኝ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ ነርስ ያየችውን ቁስል ብትመሰክር ከሐኪም ምስክርነት በምን ይለያል?

2. የፍሎሪዳ ዓይነት የምስክርነት ወረቀት በክልሎቻችን መካከል ቢሠራ በሽተኛውን ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል?

3. አንቀጽ 51 የሐኪሙንና የዳኛውን ድርሻ የለየበትን መንገድ ከሳሊ ክላርክ ነገር ጋር አነጻጽሩ።

4. በባሕር ማዶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሐኪም በአገሩ ችሎት በቪዲዮ ቢመሰክርና የሐሰት አስተያየት ቢሰጥ አንቀጽ 453 እንዴት ሊደርስበት ይችላል?